ምራቂ የከለከልኳት ሴት

ታኅሣሥ 19 ቀን 1944 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

እኔ አለነ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰባ አምስት የሚሉኝ አሉ፤ እናቴ ስትወልደኝ እዚያ አልነበሩም። ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ ቢጓጉልም የምበላው እኔው ነኝ። ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ድረስ ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ። ዳዊት ሳልመራ እደግማለሁ። መርፌ ላይ ክር ለማስገባትም ዓይኔ ደህና ነው፤ ዛሬ ጠዋት እምቢ ያለኝ ክሩ ተተርትሮ ስለነበረ ነው። መግነዜም በሳጥኔ ተቀምጧል። ስምንት ክንድ አቡጀዲ፣ ሚስቴ ትርንጎ ከማረፏ ቀደም ብሎ በራሴ ክንድ ለክቼ ያስቀመጥኩት። አጣጥፋ ያስገባችው እርሷ ናት። ስሞት ስለ እኔ የሚቸገር ሰው አይኖርም።

ይህን የምጽፈው ጽሕፈቱ እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው። ትርንጎ ሳለች የዋልኩበትን ማታ ማታ ለእርሷ አወራ ነበር።

ሥራዬ የታወቀ ነው። ፋንታሁን፣ የሚስቴ የወንድም ልጅ፣ ቅዳሜ ገበያ ዳር የጨርቅ ሱቅ አለው። እርሱ ይሸጣል፣ እኔ እለካለሁ። በክንዴ፣ ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ። በዚህ ገበያ እንደኔ ረጅም ክንድ ያለው የለም። ከመካነ ብርሃን የሚወርደው ባላገር ሳይቀር በሩ ላይ ቆሞ "የአያ አለነ ክንድ ይሁንልን" ይላል። ለክቼ ስጨርስ ደግሞ ስንዝር ተኩል ምራቂ እጨምራለሁ፤ ሸጋ አድርጎ ሰላም ላለኝ ከዚያም አልፋለሁ። ፋንታሁን ፊቱን ያጠቁራል እንጂ አይናገረኝም።

ዛሬ ያቺ ሴት መጣች። ወለተሩፋኤል ይሏታል፣ የቁስቋም ሰው ናት። ከሲታ፣ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ከገበያው ማዶ የሚሰማ። ከኅዳር ጀምሮ እየተመላለሰች ሰባት ሰባት ክንድ አቡጀዲ ትወስዳለች። ለማኅበር ነው ትላለች፣ ሌላ አትጨምርም። እንዴት አደርክ አትልም። እኔን በሚያህል ሰው ላይ አንተ ትላለች። ዛሬ ገበያተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ገና አምስተኛው ክንድ ላይ ሳለሁ፣ "አንተ አያ፣ ምነው ክንድህ እንደ ጧፍ አለቀ?" አለችኝ።

ሰው ሳቀ። በረንዳችን ላይ በማኪና የሚሰፋው በላቸው እንኳ ሥራውን አቁሞ ሳቀ።

ዛሬም ምራቂ ከለከልኳት፤ ከኅዳር ጀምሮ ሰጥቻት አላውቅም። ለተሳዳቢ ምራቂ የለም።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ፋንታሁን የእንጨት ሜትር አመጣ። ጫፍና ጫፉ ናስ የለበሰ፣ ጣልያን ሲወጣ ጥሎት የሄደ። "አያ፣ አፍ ለማዘጋት ያህል አንዳንዴ በዚህ ይለኩ" አለኝ። አንዳንዴ አለ። ጣልያን እዚህ ሲቀመጥ ያልጨበጥኩትን እንጨት ዛሬ ልጨብጥ? ያቺ ሴት ናት ያስመጣችብኝ።

ጥግ አስደግፌ ተውኩት።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

መጣች። ሰባት ክንድ። ቆርጬ ስሰጣት "ምራቂውስ?" አለች።

"ከምላስሽ ላይ ቀንሺ" አልኳት።

ሰው ዛሬ በእርሷ ሳቀ። ደስ አለኝ። ደስታው ግን ቤቴ ድረስ አልተከተለኝም።

ጥር 6

ፋንታሁን ሜትሩ ጠፋ ብሎ ሱቁን ገለባበጠው። ሜትሩ እኔ ቤት ነው። ትናንት በጋቢዬ ሥር ይዤው ወጣሁ። የቤቴ በር መወርወሪያ አድርጌዋለሁ፣ የተሠራለት ይመስል ልክ ገባ። እመልሰዋለሁ። ያቺ ሴት መምጣቷን ታቁም እንጂ እመልሰዋለሁ።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ከታቦቱ ጋር ወርጄ ተመለስኩ። ሰው ሲያጨበጭብ እጄን ጋቢዬ ውስጥ አድርጌ ቆምኩ። ብርድ ነበር።

አላምረውን በሕዝቡ መሐል ፈለግሁት። ከሰው ሁሉ ራሱ ብቅ ስለሚል ከሩቅ ነበር የማገኘው። አልመጣም። አላምረውና እኔ ወጣት ሳለን በቅሎ ጭነን መተማ ወርደን የወጣን ሰዎች ነን። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ነበር፣ ትሕትና ሳይሆን ቁመቱ አስገድዶት። አሁን ወገን የለውም። ቁስቋም፣ ከቅጥሩ ሥር ካለች ጎጆ ይተኛል።

ጥር 12፣ ሚካኤል

ቁስቋም ወጣሁ። ያለ ምርኩዝ። አላምረው ተኝቷል፣ እግሩ ከመደቡ አልፎ ወጥቷል። ጎጆው ተጠርጓል፣ ልብሱ ታጥቧል። ማን ያጥብልሃል ብዬ ብጠይቀው ሳቀ።

"አንዲት አፏ የማይጣፍጥ ሴት አለች" አለኝ። "ስትሰድበኝ ትውልና ስታጥበኝ ታመሻለች።"

ማን ናት ብዬ አልጠየቅሁትም።

ላጎርሰው ስል ጉርሻው ከእጄ ወደቀ። ምነው፣ እጅህ ምን ሆነ አለኝ። ብርድ ነው አልኩት። ያዘውና መሐል ጣቴን ሊያቀናልኝ ሞከረ፣ በዚያ በበሽተኛ እጁ፣ ቀስ እያለ። ነጠቅኩት። "ተወኝ፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም" ብዬ ጮኽኩበት። በሽተኛ ላይ ጮኽኩ። እርሱ ጣራውን አየ፤ ከዚያ መተማ ላይ ስለሞተችብን ግራጫ በቅሎ አነሣልኝ፣ እንድረሳው።

ጣቶቼ ብርድ ነው የያዛቸው። በጋው ሲጠና ይለቃሉ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

መጣች። ሰባት። ምራቂ የለም።

ከሄደች በኋላ በላቸው ለአንድ ደንበኛ ሲያወራ ሰማሁት። ያቺ ሴት አቡጀዲውን አዘዞ ወስዳ ታተርፍበታለች አለ። ማን ነገረህ አልኩት። እንዲያው ይባላል አለ። ቢባል ነው እንጂ ማኅበር ይህን ያህል አቡጀዲ ምን ያደርግለታል። ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ጥር 18

አልወሰደኝም። ሰባት ክንድ አቡጀዲ ምን እንደሚሆን እኔ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ስለካው የኖርኩት ነው። ግን አዘዞ ነው የምትወስደው፣ በላቸው ብሏል።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ክፉ ቀን። ፋንታሁን በላቸውን "ሜትሩን ካንተ ሌላ የሚፈልገው ሰው የለም" አለው። በላቸው በእናቱ ስም ማለ። ፋንታሁን አላመነውም። በላቸው ማኪናውን ተሸክሞ ከበረንዳው ወጣና ከገበያው በታች ጨው ሻጮቹ ጋ ተቀመጠ። እኔ ጨርቅ እያጠፍኩ ነበር። ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፣ ሽማግሌ ነህና ፍረድ በሚል ዓይን። ጨርቁን አጥፌ እንደገና ዘርግቼ አጠፍኩት።

ማታ በሬን በሜትሩ ዘጋሁ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

በስክነት ልጻፈው።

ገበያው ሞልቷል። መጣችና እንደ ወትሮዋ አልጮኸችም፣ ይህ ራሱ አስፈራኝ። ክንዷን እስከ ክርኗ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እኔ አጭር ሴት ነኝ" አለች። "የኔ ክንድ ካንተ ማነስ ነበረበት። ሰባት ነው ያልከውን ወስጄ ስለካው በኔ በአጭሯ ክንድ እንኳ ሰባት አልሞላም። በል ክንድህን ከኔ ጎን አስተኛው። ሰው ይይ።"

ክንድ እናስተያይ ያለ ገዢን ሻጭ እምቢ ማለት በዚህ ገበያ ነውር ነው። እኔ ራሴ ስንቱን አስተያይቼ፣ ስንቱን አሳፍሬ ሰድጃለሁ። በወጣትነቴ ከጠረጴዛው ማዶ ያለውን ወንድ ሁሉ "ና አስተኛ" እል የነበርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን እጄ ራሱ ጋቢዬ ውስጥ ገባ።

"ከሴት ጋር ክንድ አልለካካም" አልኩ።

"ሴት ስለሆንኩ ነው?" አለች። "እንግዲያ ጣትህን ብቻ ዘርጋ።"

"ሂጂ ከዚህ።"

አልሳቀችም፣ ሌላውም አልሳቀም። የመካነ ብርሃን ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሄደች፣ አቡጀዲውን ግን ገዝታ ነው የሄደችው። ለምን ከሌላ ሱቅ አትገዛም? ይህን እስካሁን አላሰብኩትም ነበር። ፋንታሁን ከሌሎቹ በርካሽ ይሸጣል፣ ለዚያ ይሆናል። ለማኅበር ነው ካለች።

ሱቅ ስንዘጋ ፋንታሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አያ፣ እጅዎን ያምዎታል እንዴ?" አለኝ። የሚያመኝ ያቺ ሴት ናት አልኩት። መቀሱን ከእጄ ወስዶ ራሱ ሰቀለው። ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው አይደለም፤ ዛሬ ግን አየሁት።

የካቲት 5

እጄን ቅቤ ቀባሁት። ጠበል አስነካሁት። ፊደሌ ተበላሽቷል፣ ብዕሩ ነው።

ጎረቤቴ አልማዝ ቁልፌን ልቆልፍልዎ አለችኝ። ቁልፍ የሌለው እጀ ጠባብ መልበስ ጀመርኩ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

አልመጣችም። ዓይኔ መንገዱ ላይ ዋለ። ቁስቋምም መውጣት ነበረብኝ። አላምረው ጠንቶበታል አሉ። ነገ።

የካቲት 9

አልወጣሁም። እጄን እንደገና ቢይዘውስ ብዬ ነው።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ከነገ ወዲያ ጾም ስለሚገባ ገበያው ትርምስ ነበር። ወለተሩፋኤል ሰው እየገፋች መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ዛሬ ስምንት ክንድ ይሁን። ሰውዬው ረጅም ነው" አለች።

የትኛው ሰውዬ አላልኳትም። ከእርሷ ጋር ወሬ አላበዛም ብዬ ነው። ስምንት ለካሁ። ቆርጦ የሰጣት ፋንታሁን ነው። "እባክህ፣ ለዛሬ እንኳ ምራቂ ጨምርበት" አለችኝ። ፋንታሁን መቀሱን እንደያዘ አየኝ። እኔ ለሚቀጥለው ሰው ጨርቅ ዘረጋሁ።

እባክህ ማለቷን ያስተዋልኩት አሁን ስጽፈው ነው።

ሱቅ ልንዘጋ ስንል ከቁስቋም የወረደ አንድ ዲያቆን አላምረው ሌሊት ማረፉን፣ ቀብሩ ነገ መሆኑን ነገረን።

የካቲት 16፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ጎጆው ደጅ ደረስኩ። ማኅበርተኞቹ ገንዘውት ሊጨርሱ ነው። ሰሌኑ በጎኑ ተዘርግቷል። ወለተሩፋኤል አጠገቡ ተንበርክካለች። ቀና ብላ አየችኝ። ሰውነቴ ሁሉ ስድቧን ይጠብቅ ነበር።

"አያ አለነ፣ ይቅረቡ" አለችኝ። "ወዳጅዎ ነው። እግሩን እርስዎ ይያዙ።"

አንቱ አለችኝ።

ቀረብኩ። አቡጀዲው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አልቋል። ሁለቱ እግሮቹ ባዶ ናቸው። ከሥር ቢስቡት ከራሱ ይጋለጣል፣ ወደ ራሱ ቢያወጡት እግሩ ይወጣል፤ ሁለቱንም ሞክረው እንደነበር ጨርቁ ያሳያል። መተማ ድረስ ከፊቴ ከፊቴ የሄደ እግር ነው። በሁለት እጄ ያዝኩት። ግራዬ ዙሪያውን ያዘው፤ ቀኜ አልዘረጋ ብሎ እንደ ጭብጥ ሆኖ በጎኑ ተጠጋ። እግሩ ቀዝቃዛ ነበር። ሁሉም እጄን አዩት። የማኅበሩ ሽማግሌ፣ ቄሱ፣ እርሷም።

እርሷ ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። በጥርሷ ነክሳ ቀደደችውና በግማሹ እግሩን ጠቀለለችው። ቀዩ ጥለት በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ሆነ። ግማሹን መልሳ ራሷ ላይ ጣለች። በሰሌን ጠቅልለን ተሸክመነው ሄድን።

ቀብሩ ላይ ቄሱ ፍትሐት ሲያደርስ ዳዊቴን ገልጬ አንድ ቃል አልወጣኝም። ስንለያይ እግዜር ያጽናዎ አለችኝ። ወዳጅነታችሁን ሁልጊዜ ያወራልኝ ነበር አለች። እንግዲህ እኔ ማን እንደሆንኩ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። የምትመጣውም የአላምረው ወዳጅ ክንድ ሙሉ ይሆናል ብላ ነበር።

በገበያው መሐል ብትሰድበኝ በወደድኩ።

የካቲት 17

ጾም ገባ። ለሱቁ አሞኛል ብዬ ላክሁ። አላመመኝም።

የካቲት 18

አላምረው ጣቴን ሊያቀናልኝ ሲል ነጠቅኩት።

የካቲት 19

ዛሬ መግነዜን ከሳጥን አወጣሁት። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ለራሴ አልነገርኩም። መደቡ ላይ ዘረጋሁትና ለካሁት። ስምንት ክንድ መሆኑን እኔም ትርንጎም እናውቃለን። አንድ ብዬ ጀመርኩ፤ ስምንት ስል ጨርቁ አላለቀም። የተረፈው ወደ አንድ ክንድ ይጠጋል። ተሳሳትኩ ብዬ ደገምኩት። ያው ነው። ትርንጎ ሳላውቅ ጨምራበት ይሆን አልኩ። ትርንጎ ያለ እኔ ጨርቅ ቆርጣ አታውቅም። ጨርቅ ደግሞ በሳጥን ተቀምጦ አይረዝምም።

እጄን የሳጥኑ ክዳን ላይ ለማስተኛት ሞከርኩ። መዳፌ ሥር ብርሃን ያልፋል። መሐል ጣቴ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል፣ ቀለበት ጣቴ ከእርሱ ብሷል። በግራዬ ተጫንኩት። አልወረደም። ብርድ አይደለም። ከመኸር ጀምሮ ብርድ አይደለም፣ አውቀዋለሁ።

ከዚያ የምራቂው ነገር መጣብኝ። ለሌላው ሁሉ ስንዝር ተኩል እጨምር ነበር። ሰላም ያለኝ፣ የመረቀኝ፣ አያ ያለኝ ሁሉ ቤቱ ሲገባ ያልጎደለ ጨርቅ ይዞ ገባ። ከእጄ የጎደለውን ምራቂዬ እየሞላልኝ ስሜ ሳይነካ ቆየ። የጎደለባት እርሷ ብቻ ናት፣ ምራቂ የከለከልኳት። ስለዚህ ያወቀችውም እርሷ ብቻ ናት። አዘዞ አልወሰደችውም። ከኅዳር ጀምሮ ወገን የሌላቸውን የቁስቋም ድሆች በጎደለ ጨርቅ ስትገንዝ ነው የከረመችው፤ ስትነግረኝ ምላስሽ አልኳት።

ስንቶቹ እግራቸው ወጥቶ ነበር? ነጠላዋ ስንቴ ተቀዷል?

የትርንጎ መግነዝ ሙሉ ነበር። የእርሷ የተለካው እጄ ሳይታጠፍ በፊት ነው። ይህን አስቤ ትንሽ ቀለለኝ፤ ስለቀለለኝም ደግሞ አፈርኩ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ሜትሩን ከበሬ ነቅዬ ይዤው ወረድኩ። በጋቢዬ ሥር አልደበቅሁትም። ያየኝ አየኝ። የፋንታሁን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

ፋንታሁን ሜትሩን አየ፣ እኔን አየ። "በላቸውን ምን ልበለው አያ?" አለ።

"እኔ እለዋለሁ" አልኩት። እጄንም ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አስቀመጥኩት፣ እንዲያየው። አየው። "መለካቱ ካሁን ወዲህ ያንተ ነው። እኔ ጨርቁን አጥፋለሁ።" እሺ አለኝ። ሊያባብለኝ ቃል ሲፈልግ አየሁና ዞር አልኩ።

ዛሬ አልመጣችም። ከመካነ ብርሃን የመጡት ግን በሩ ላይ ቆመው የአያ አለነ ክንድ ይሁንልን አሉ። ፋንታሁን በሜትር ለካላቸው። እኔ ጥግ ሆኜ አጠፍኩ። አንዱ ለጓደኛው ሽማግሌው ደከመ መሰለኝ ሲል ሰማሁት። እንደደከምኩ ቢያስቡ ይሻላል፣ ሌላውን ከሚያውቁት ብዬ ነበር። ኋላ ጠራኋቸውና ራሴ ነገርኳቸው። ከመኸር ወዲህ በእኔ ክንድ የገዛችሁ ቤታችሁ ለክታችሁ ቢጎድል ተመለሱ አልኳቸው። አንደኛው ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመኝ፣ ያንኑ የታጠፈውን። ያ ደግሞ ከስድብ ባሰብኝ።

የካቲት 24

ያለብኝን ዛሬ እጽፋለሁ። ሌላ ሰው እንዲከፍልልኝ አይደለም። ልረሳው ብሞክር ይህ ወረቀት እንዲይዘኝ ነው።

የበላቸው አለብኝ። ነገ ጨው ሻጮቹ ጋ ወርጄ፣ ሰው በሞላበት፣ ሜትሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ማኪናውን ራሴ ተሸክሜ በረንዳው ላይ እመልሳለሁ። በቀኜ አልይዘውም እንጂ ትከሻዬ ደህና ነው።

የአላምረው አለብኝ። ጮኼበታለሁ፣ ቀርቼበታለሁ፣ እግሩን አጋልጫለሁ። አርባው በጾም ይውላል። መቃብሩ ላይ ዳዊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እደግማለሁ፣ ቃል ቢጠፋኝም እስኪመጣልኝ እቆማለሁ።

ከኅዳር ወዲህ በእኔ ክንድ የተገነዙት ሁሉ አለብኝ። ስማቸውን አላውቅም። እርሷ ታውቃለች። እየነገረችኝ በየተራ እደግምላቸዋለሁ።

የወለተሩፋኤል አለብኝ። ቁስቋም እወጣለሁ፣ እንደ ወትሮዬ በእግሬ፣ ወይም ምርኩዝ ይዤ። አንቱ እላታለሁ። ለነጠላዋ ነጠላ፣ ፋንታሁን በሜትር የለካው። ከዚያ ክንዴን ከክንዷ ጎን አስተኛለሁ፣ ጣቴንም እስከሚዘረጋበት እዘረጋለሁ። በገበያ ነበር የጠየቀችኝ፤ በገበያ ይሁን ካለች ከእርሷ ጋር እወርዳለሁ።

የመጨረሻው መግነዜ ነው። እጄ ደህና ሳለ የተለካ ስምንት ሙሉ ክንድ። አላምረውን ከራስ እስከ እግር ይበቃው ነበር፣ ሳጥኔ ውስጥ ተጣጥፎ እያለ ነው እግሩ ባዶ የሆነው። ለማኅበሩ እሰጠዋለሁ፣ ለሚቀጥለው ረጅም ሰው። ለእኔ የሚሆነውን እርሷ ትለካልኝ፣ በራሷ ክንድ፣ ምራቂ ሳትጨምር።